ከተፈጥሮ ታርቆ ከሰው የተጣላ ቤት

ሐይቅ ዳር ቤት መሥራት ኃጢአት አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ከከተማ ጫጫታ ሸሽቶ፣ ማታ ማታ የውሃ ድምፅ እየሰማ ልተኛ ቢል ማን ይቃወመዋል? እኔም ቢኖረኝ እሠራ ነበር። ስለዚህ «ይሄ ደግሞ ምቀኛ ነው» ብሎ ከወዲሁ ጋዜጣውን ለማጠፍ የተዘጋጀ ባለጸጋ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ጠቤ ከቤቱ ጋር አይደለም። ቤቱ ለብሶት ከመጣው ስም ጋር ነው።

ስሙ ረዥም ነው። «ከተፈጥሮ ጋር የተዋሃደ፣ ቀለል ያለ፣ ቅንጡ የውሃ ዳር መኖሪያ» ይባላል። አዋቂ ለመምሰል «ሚኒማሊስት» የምትል ቃልም ጣል ይደረግበታል፤ ጥቂት ዕቃ፣ ጥቂት ቀለም፣ ብዙ መስተዋት ማለታቸው ነው። ደላላው በስልኩ የሚያሳየውን ሥዕል ያየ ሰው ያውቀዋል። ነጭ ሣጥን የመሰለ ቤት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መስተዋት፤ ከመስተዋቱ ፊት እንደ ምንጣፍ የተላጨ ሣር፤ ከሣሩ ቀጥሎ ሐይቅ። ሐይቁ ላይ ግን አንድም ሰው የለም። መረብ የሚጥል የለም፣ ልብስ የምታጥብ የለችም፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ የለም። ሥዕሉን የሠራው ባለሙያ ሰዎቹን ረስቷቸው እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ሲያልቅ የሚሆነውን ነው የሣለው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ከውሃ ዳር ጋር በእውነት የተስማማ ቤት ማለት ከውሃው ራቅ ብሎ፣ ዛፉን ሳይነካ፣ መንገዱን ሳይዘጋ፣ ቆሻሻውን ወደ ሐይቁ ሳይለቅ የሚቆም ቤት ነው። በዚህ ስም የሚሸጥልን ግን የተገላቢጦሹ ነው። ቀላልነቱ ለባለቤቱ ሲሆን ክብደቱን የሚሸከሙት ሐይቁና ጎረቤቱ ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ቤት የመጣበት ሀገር አለው፤ ታሪክም አለው። ታሪኩን የሚናገር ደላላ እስካሁን ስላልገጠመኝ እኔው ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1945 ዶክተር ኢዲት ፋርንስወርዝ የተባሉ የችካጎ የኩላሊት ሐኪም፣ ቅዳሜና እሑድ የሚያርፉበት ቤት እንዲነድፍላቸው ሚስ ቫን ደር ሮ የተባለውን ትውልደ ጀርመን የሥነ ሕንፃ ሊቅ አነጋገሩ። ቦታው ከችካጎ ወጣ ብላ ከምትገኘው ከፕላኖ ከተማ አጠገብ፣ ፎክስ የሚባል ወንዝ ዳር ነው። በ1951 የተጠናቀቀው ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነው፦ ስምንት የብረት ምሰሶ፣ ዙሪያውን መስተዋት፣ መሐሉ ላይ ማብሰያውንና መታጠቢያውን የያዘ የእንጨት ሣጥን። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ይሄ ቀላል ቤት ታዲያ ከታሰበለት ዋጋ አልፎ ወደ 74 ሺህ ዶላር ወጣበት፤ ለዚያ ዘመን የትልቅ ሀብታም ገንዘብ ነው። ሐኪሟና ሊቁ በሒሳብ ተጣልተው ፍርድ ቤት ቆሙ።

ከገንዘቡ የባሰው ኑሮው ነበር። ፀሐይ ሲበረታ መስተዋቱ ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ መስተዋቱን ያልበዋል። ማታ መብራት ሲበራ የወንዝ ዳር ትንኝ ሁሉ እየተጠራራ ይመጣል፤ በረንዳው ኋላ በወንፊት ሽቦ መከለል ነበረበት። ዝነኛውን ቤት ለማየት የሚያንዣብበው ሰው ሌላ ጣጣ ነው። መስተዋት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ተፈጥሮን ይመለከታል ይባልለት እንጂ ከሚያየው ይልቅ የሚታየው ይበዛል።

ወንዙስ? ወንዙ እንደሚሞላ ሊቁ አላጣውም። ለዚህም ብሎ ወለሉን ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ገደማ ከፍ አደረገው። ቤቱ ባለቀ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1954፣ ውሃው ወለሉን አልፎ ገባ። በ1996 መስተዋት ሰብሮ ገባ። በ2008 አሁንም ተመልሶ መጣ። በ2003 የቅርስ ጠባቂ ማኅበራት በጨረታ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ገዝተውታል፤ ዛሬ የሚጎበኝ ሙዚየም ነው እንጂ የሚያድርበት ሰው የለም። «ከተፈጥሮ ጋር የተዋሃደ» የሚለውን ውል ሰው ፈርሞ ይሆናል፤ ተፈጥሮ ግን አልፈረመችም።

ፍራንክ ሎይድ ራይት የሚባለው ሌላው ዝነኛም በ1930ዎቹ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ለአንድ ባለ መደብር ባለጸጋ ፏፏቴ አናት ላይ ቤት ሠርቷል። ውበቱን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። ይሁንና በአየር ላይ የተንጠለጠለው የኮንክሪት በረንዳ ከጅምሩ ይጎብጥ ነበርና በ2002 በብረት ገመድ ተወጥሮ መዳን ነበረበት። ይህ ሁሉ የሆነው ብረቱም፣ ገንዘቡም፣ ባለሙያውም በሞላበት ሀገር ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ የሚባሉት ሐይቆቿ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ለጉዳዬ የሚያስፈልገኝ ግን ጥልቀቱ አይደለም፤ እነዚህ ሐይቆች ውሃቸውን ይዞ የሚወጣ ወንዝ የሌላቸው መሆኑ ነው። ውሃው ይተናል፤ ሳሙናው፣ ማዳበሪያው፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ግን አብሮ አይተንም። ፎክስ ወንዝ የተጣለበትን ቢያንስ ይዞት ይሄዳል። ባቦጋያ ግን ድስት ነው። የድስት ከንፈር ላይ መታጠቢያ ቤት የሚደረድር ሰው ደግሞ «ከተፈጥሮ ጋር ተስማማሁ» ይለናል!

እስቲ ሻጩን ስለ ፍሳሹ ጠይቁት። «ሴፕቲክ ታንክ አለው» ይላል፤ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ታንኩ ከሥሩ ድፍን ነው ወይስ ክፍት? ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጠዋል ወይስ ራሱ እየሰረገ ይጎድላል? የቢሾፍቱ ግንበኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ቀይ አሽ ውሃ አያቆምም፤ ወንፊት ነው። ዳገቱ ላይ የፈሰሰው ቁልቁል ከሐይቁ በቀር መሄጃ የለውም። በብሮሹሩ ሥዕል ላይ የመስተዋቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፎ አይቻለሁ። ፍሳሹ የት እንደሚገባ የሚያሳይ አንዲት መሥመር ግን አጣሁ። እንደኔ እንደኔ የሐይቅ ዳር ቤት ንድፍ የሚጀመረው ከሽንት ቤቱ ነው። ሳሎኑ ይደረስበታል።

ሌላው ነገር ውሃ የድንበር ድንጋይ አያውቅም። ሐዋሳ ሐይቅም መውጫ የለውም፤ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ውሃው ሞልቶ ወደ ከተማው እየገፋ በመምጣቱ የአፈር ግድብ መሥራት ግድ ሆኗል። መተሐራ ጎን ያለው በሰቃ በእኛ ዕድሜ ከትንሽ ኩሬነት ተነሥቶ መንገዱንና የድሮውን ባቡር ሐዲድ ያስቸገረ ሐይቅ ሆነ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሪንጎና ናይቫሻ ሞልተው ሆቴሉንም፣ ደሳሳውንም፣ ትምህርት ቤቱንም ዋጡት። በተቃራኒው ደግሞ የሐረማያን ጉድ እናውቃለን፤ የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ ከብት ዋለበት፤ ዓመታት ቆይቶ ነው ውሃ ተመልሶ የተኛበት። አንዱ ይመጣል፣ አንዱ ይሄዳል። በዚህ መሐል «ከውሃው 5 ሜትር ብቻ» ብሎ ቦታ የሚያስተዋውቅ፣ ያንንም ሰምቶ ዋጋ የሚጨምር ገዢ፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ያስታውሰኛል።

አባቶቻችን ይሄን ሳያውቁ ቀርተው ነው? ጣና ዳር ዘጌ ሄዳችሁ እዩ። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ ሩብ ሰዓት ገደማ ቡናና ትልልቅ ዛፍ ውስጥ ትጓዛላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሐይቁ ላይ ተንጋሎ አልተቀመጠም፤ በሐይቁና በራሱ መካከል ጫካ አስቀምጧል። በዘጌ ባህል በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው፤ ጫካው እስከ ዛሬ የተረፈው በዚህ ነው። ግድግዳው ጭቃና እንጨት፣ ቅርፁ ክብ፣ ጌጡ ሁሉ ውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ዛፍ ብቻ ይታያል። ሚኒማሊስት ካላችሁ ይኸውላችሁ። የዛሬው ባለ ሐይቅ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚያስጠራው ዛፍ ቆራጭ ነው፤ «ቪው ይከልላል» ይባላላ! ከዛፉ ቀጥሎ ደንገሉና ፊላው ይታጨዳል፤ ዳርቻው «ይጽዳ» ተብሎ። ቆሮሶ የሚራባውና ጫጩቱን የሚያሳድገው በዚያው በዳር ዳሩ ጥልቀት በሌለው ሣር ውስጥ ነው። ወይጦው ታንኳውን የሚያስረው ከዚያው ደንገል ነው። ከዳገት የሚወርደውን ደለል የሚያጠልለውም እሱው ነው። ይሄን ሁሉ አጭዶ፣ ነጭ አሸዋ በመኪና አስመጥቶ ካስደፋ በኋላ ባለቤቱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ «አይ ተፈጥሮ!» ይላል።

አምና ጥቅምት ላይ ከወንድሜ ልጅ ጋር ከቢሾፍቱ ሐይቆች ወደ አንዱ ልወርድ ፈለግሁ። በወጣትነቴ የማውቃት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ ከብትም ሰውም የሚወርድባት። መንገዷ የነበረችበት ቦታ በጥቁር ድንጋይ ያማረ አጥር ቆሟል፤ አጥሩ እውነትም ከተፈጥሮ ጋር ይመሳሰላል፤ ሐረግ አልብሰውታል። አንድ ወጣት ጥበቃ በትሕትና ብድግ ብሎ፣

«ጋሼ፣ በዚህ ማለፍ አይቻልም» አለኝ።

«ድሮ መንገድ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«አሁን የግል ነው፣ ጋሼ።»

«ሐይቁም?»

ልጁ ሣቀ። «ኧረ ሐይቁስ የግል አይደለም። መንገዱ ነው እንጂ።»

በልጁ አልፈርድም፤ የተቀጠረበትን ነው የሠራ። እንዲያውም ጠበቃ ከሚናገረው የበለጠ ግልጽ አድርጎ ነው የነገረኝ። ሐይቁ የሁላችንም ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ግን የጥቂቶች ነው። የሁላችንም የሆነውን ሐይቅ የምናየው እንግዲህ ከአስፋልቱ ላይ ሆነን፣ በሁለት አጥር መካከል በቀረች ቀዳዳ መሆኑ ነው። እሷንም ከሳምንት በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይከልላታል።

ይሄ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ሐሰት አልናገርም። ጃንሆይም ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ማረፊያ ነበራቸው፤ መኳንንቱም ተከትለዋቸው ነበር። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ሕዝቡ «ሐይቃችን ተመለሰ» ብሎ ሳይጨርስ አንዳንዱ ግቢ ዘበኛ ብቻ ቀይሮ ቀጠለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ተባለ። ያማረ ቃል ነው። ዳርቻው ላይ ሲያርስ የኖረው ገበሬ ሲነሣ ግን ይኸው ቃል ይነበብለታል፦ «መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚከፈልህ ለጎጆህና ለማሳህ ነው።» ያው መሬት አጥር ታጥሮለት፣ ንድፍ ተነድፎለት፣ «ሌክ ቪው» ተብሎ ሲሸጥ ግን የሚሸጠው ጎጆ አይደለም። የሚሸጠው ዕይታው ነው። ለዕይታው ካሣ የተከፈለው ገበሬ ካለ ወዲህ በሉኝ!

መንግሥት ራሱም ከዚህ ድግስ አልራቀም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ለአንድ እራት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የተከፈለበትን ፕሮጀክት እናስታውሳለን፤ ከዚያ ገበታ ከተቆረሱት አንዱ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ የተሠራው ማረፊያ ነው። ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ ነው ተብሎ ተመረቀ። ድንጋዩ ያምራል፤ ፎቶግራፉን አይተናል። ጣና ግን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ እየወረረው፣ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነቀለ የታገለለት ሐይቅ ነው። መስተዋቱን የሚወለውለው ሠራተኛ ደመወዝ አለው፤ እምቦጩን የነቀለው ገበሬ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ «ልማት መጥላት» ከሆነ እኔ ልማት ጠል ልባል።

ሕጉማ አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላትን ዳርቻ ወሰን ስለ መከለል፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ስለ መከልከል ይናገራል። ጣጣው «ይችላል» የምትለዋ ቃል ናት። የሚመለከተው አካል መከለል ይችላል፤ መከልከልም ይችላል። እኛ ሀገር ደግሞ «ይችላል» ሲባል ለደኻ ይከለክላል፣ ለሀብታም ይተዋል ማለት መሆኑን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። ዓሣ አጥማጁ የላስቲክ ዳስ ሲቀልስ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብሎ በአንድ ጀምበር ይነሣበታል። ባለ መስተዋቱ ሣጥን ግን ካርታ አለው፣ ማኅተም አለው።

መሐንዲሶቻችንንም ሳልነካ አላልፍም። ልጆቻችን ናቸው፤ ጎበዞች ናቸው። ሥራ ሰጪው ባለጸጋ «እንዲህ ያለ አድርግልኝ» ብሎ የፈረንጅ ፎቶ ሲያሳያቸው ዝም ብለው መቅዳታቸው ግን አይዋጥልኝም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ለገበያ ተለቆ የውጭ ምንዛሪ ሰማይ በነካበት ጊዜ፣ በዶላር የሚገባ መስተዋትና አሉሚኒየም ደርድሮ፣ ሙቀቱን ለማብረድ ኤየር ኮንዲሽነር ሰቅሎ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እያስጓራ የሚኖር ቤት ምኑ ነው ቀላል? የቢሾፍቱ ጥቁር ድንጋይ እዚያው አለ። ቀይ አሹ እዚያው አለ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን ያቀዘቅዛል፣ ማታ ይሞቃል፤ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ፀሐዩን ይከለክላል፤ ሐይቁንም ለማየት አንድ ደኅና መስኮት ይበቃል። መስኮቱ በሁለት ግራር መካከል ቢሆንማ የበለጠ ያምራል፤ ሐይቅ ተከልሎ ሲታይ ነው የሚናፍቅ። ጣሪያው የዝናብ ውሃ ይሰብስብ፤ አትክልቱ የሐይቁን ውሃ በፓምፕ አይምጠጥ። ቤቱ ከጠርዙ ወደ ኋላ ይቁም፤ ከፊቱ ያለው ዛፍና ደንገል ባለበት ይቅር፤ በዛፉና በውሃው መካከል ደግሞ ማንም የሚሄድባት የእግር መንገድ ትኑር። በዚያች መንገድ ላይ አሥር ሰው በቀን ቢያልፍ የባለቤቱ ሰላም የሚደፈርስ ከሆነ ሰውየው የፈለገው ተፈጥሮን አልነበረም።

ደግሞም የሐይቅ ዳር የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለም። ሆራ አርሰዴ ኢሬቻ የሚከበርበት ነው። ባቱ ከተማ የጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ደምበል ሐይቅ ዳር ይወርዳሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላው ጎረምሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚመላለሱት ሙሽሮች ግብር ከፋይ ዜጎች ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ የሚበቃ ዳርቻ አለ፤ ለጥቂት ቅንጡ ቤቶችም ከኋላ ራቅ ብሎ ቦታ አይጠፋም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሦስት ነገር ይመልሱልን። ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ሐዋሳና ጣና ዳርቻቸው በአዋጁ መሠረት ተከልሏል ወይ? ከተከለለ ከውሃው ስንት ሜትር ድረስ ነው? በዚያ ክልል ውስጥ የቆሙት ቤቶችስ በየትኛው ዓመት፣ በማን ፊርማ ፈቃድ አገኙ? ካርታው ካለ ይላኩልን፤ ይህ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ሰጥቶ ያትመዋል። ከሌለ ደግሞ «የለም» ብለው ይጻፉልን። እሱንም እናትመዋለን።